ቀበቶው የገለጠው ጉዳት

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1917 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሂዩ ደሄቨን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በልምምድ በረራ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ከሌላ አውሮፕላን ጋር አየር ላይ ተጋጭቶ ተከሰከሰ። ደሄቨን የአገሩ ጦር ስላልተቀበለው ወደ ካናዳ ተሻግሮ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የበረራ ጓድ የተመዘገበ ምልምል ነበር። ከስብርባሪው ውስጥ በሕይወት ሲያወጡት ሁለቱም እግሮቹ ተሰብረዋል። የባሰው ግን ከውጭ የማይታየው ነበር፤ ጉበቱ፣ ቆሽቱና የሐሞት ከረጢቱ ተቀድደዋል።

በዚያ ዘመን ከአውሮፕላን መከስከስ የተረፈ ሰው እንደ ተአምር ይቆጠር ነበር። ተአምር ከሆነ ደግሞ የሚመረመር ነገር የለውም። ደሄቨን ግን በሽተኛ አልጋ ላይ ሆኖ የሚያሰላስለው ሌላ ነገር ነበር። ሆዱን የበሳው ብረት የለም፤ ታዲያ ውስጡን የቀደደው ምንድን ነው? የመቀመጫው ቀበቶ ትዝ አለው። ዘለበቱ ያረፈበት ቦታና ውስጡ የተጎዳበት ቦታ አንድ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ የሚወረወረው የሰውነቱ ጉልበት ሁሉ ያረፈው በዚያች ዘለበት ላይ ነው። ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ የያዘው ነገር ራሱ ሆዱን አድቅቆታል።

ከዚህ አስተውሎት የተወለደው ምርምር መኪናዎቻችንን ለውጧል። በመንገዱም ሐኪሞች ለ400 ዓመታት ያህል ከሞላ ጎደል በአስከሬን ላይ ብቻ ያውቁት የነበረውን አንድ ጉዳት፣ በሕያው ሰው ላይ እንዲያዩት አድርጓል። ጉዳቱ ሆድ ውስጥ የሚያልፈው የአኦርታ፣ ማለትም የዋናው የደም ቅዳ ቧንቧ ጉዳት ነው።

ከአከርካሪው ፊት የተኛው ቧንቧ

አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በደረት ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ አልፎ ሆድ ውስጥ ይገባል። እዚያ ለጉበትና ለጨጓራ፣ ለአንጀት፣ ለኩላሊቶች ቅርንጫፍ እያወጣ ይቀጥላል። እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ እግሮች ይሄዳል። የሆዱ ክፍል ስፋት በጎልማሳ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ የሆድ ክፍል ከአንጀትና ከጨጓራ ኋላ፣ የአከርካሪውን አጥንት ተደግፎ የተቀመጠ ነው። ከፊቱ ቆዳ፣ ጡንቻ፣ ሞራና የሆድ ዕቃ ተደርድረውለታል። በዚህ በኩል ሲታይ ጥበቃው የሚያስተማምን ነው። ችግሩ ያለው በጀርባው ነው። ከፊት የመጣ ኃይል አንጀቱን ወደ ጎንና ወደ ጎን ገፍቶ እስከ ውስጥ ከዘለቀ፣ ከኋላው ያለው አጥንት ስለሆነ ቧንቧው የሚሸሽበት የለውም። በሚመታውና በአከርካሪው መካከል ይጨመቃል።

ቆዳ ሳይበሳ አኦርታ ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀው ቀድሞ ነው። የዘመናዊው የሰውነት አካል ጥናት አባት የሚባለው አንድሬያስ ቬሳሊየስ በ1557 ጀርመን ውስጥ በአውግስቡርግ ከፈረስ ወድቆ የነበረን ሰው ታሪክ መዝግቧል። ሰውየው ከአከርካሪው አጠገብ የሚመታ እብጠት ወጥቶበት ነበር፤ ቬሳሊየስም የአኦርታ መለጠጥ ነው አለ። ከሞት በኋላ የተደረገው ምርመራ አባባሉን አረጋገጠለት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት እውቀቱ ብዙም ፈቅ አላለም። ምክንያቱን የሚያሳየው በ1958 ሎረን ፓርምሊና ባልደረቦቹ ከአሜሪካ ጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም መዝገብ አውጥተው ያሳተሙት ጥናት ነው። ቆዳን ሳይበሳ በሚደርስ ምት አኦርታቸው የተጎዳ 275 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ 237ቱ ወዲያው ሞተዋል፤ ለጊዜው እንኳ የቆዩት 38 ብቻ ናቸው። አብዛኛው ጉዳትም የደረት ውስጥ ነበር። ከአኦርታ ጉዳቶች መካከል የሆዱ ድርሻ በተለምዶ 5 ከመቶ ገደማ ይባላል።

አስከሬን ብዙ ነገር ያስተምራል፤ ቧንቧው የት እንደተቀደደ፣ ደሙ ወዴት እንደፈሰሰ ይናገራል። ግን የሕመም ምልክት አይናገርም። ጉዳቱ ሲጀምር ምን እንደሚሰማ፣ ሐኪም እጁን የት ቢያሳርፍ እንደሚያገኘው፣ ለማዳን ስንት ሰዓት እንዳለ ከሞተ ሰው አይገኝም። ይህን ለማወቅ ሰዎች ቀድሞ ይገድላቸው ከነበረ ግጭት መትረፍ ነበረባቸው።

ከፎቅ የወደቀችው ሴት ያስተማረችው

ደሄቨን ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ሥራ ውስጥ ገባ፤ ጥያቄው ግን አለቀቀውም። በ1930ዎቹ አጋማሽ በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎችን ቁስል ከመኪናው የውስጥ ክፍል ጋር ማስተያየት ጀመረ። ግንባርን የሰነጠቀው የትኛው ጉብታ ነው? ደረትን የደቆሰው የትኛው ዘንግ ነው? ሐኪም አልነበረም። ቤቱ ውስጥ እንቁላል በተለያየ ምንጣፍ ላይ እየጣለ የትኛው እንደሚያተርፈው ይመለከት ነበር።

ቀጥሎ ከፍታ ላይ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ታሪክ መሰብሰብ ያዘ። በ1942 ‹ዋር ሜዲሲን› በተባለ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ከ50 እስከ 150 ጫማ ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው ያልሞቱ ሰዎችን የመረመረ ነው። ከእነዚህ አንዷ ከ17ኛ ፎቅ፣ 44 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወድቃ በብረት የአየር ማስገቢያ ሳጥን ላይ ያረፈች ሴት ናት። ሳጥኑ ተጨማደደ፤ ሴትዮዋ አጥንት ቢሰበርባትም በደረቷና በሆዷ ውስጥ ጉዳት አልተገኘባትም።

ደሄቨን ከዚህ ያወጣው ትምህርት ዛሬ ግልጽ ይመስላል፤ ያኔ ግን አዲስ ነበር። ሰውን የሚገድለው ፍጥነቱ አይደለም፤ ፍጥነቱ የሚቆምበት መንገድ ነው። የታጠፈው ብረት የመቆሚያ ጊዜዋን ትንሽ ረዘም አደረገላት፤ ኃይሉም በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሰፊው የሰውነቷ ክፍል ላይ አረፈ። የእሱ ዘለበት ያደረገችው ተቃራኒውን ነበር፤ ያን ሁሉ ኃይል ለስላሳው ቦታ ላይ ሰብስባ አሳረፈችው።

በዚያው በ1942 ደሄቨን በኒው ዮርክ በኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ የግጭት ጉዳት ምርምር ፕሮጀክት አቋቋመ። በመጀመሪያ አውሮፕላኖችን፣ በኋላም መኪናዎችን ያጠና ጀመር። ፖሊሶችና ሐኪሞች በአንድ ዓይነት ቅጽ መረጃ እየሞሉ ይልኩ ነበር፤ መኪናው እንዴት ተጋጨ፣ ተሳፋሪው ምኑን ተጎዳ፣ ታስሮ ነበር ወይስ አልነበረም? አደጋ ከዕጣ ፈንታነት ወጥቶ የሚቆጠርና የሚነጻጸር ነገር ሆነ።

ሰውነት በደንብ ከተያዘ ምን ያህል እንደሚችል ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ጆን ፖል ስታፕ በራሱ አካል አሳየ። በታኅሣሥ 1954 በኒው ሜክሲኮ በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ታስሮ በሰዓት ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ከበረረ በኋላ በ1.4 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ። በሰውነቱ ላይ ያረፈው ኃይል ከክብደቱ 46 እጥፍ በላይ ነበር። ዓይኖቹ ደም ለበሱ፤ እሱ ግን ተረፈ። ማሰሪያዎቹ በትከሻው፣ በደረቱና በዳሌው ላይ ተከፋፍለው ነበርና።

ቀበቶው መኪና ውስጥ ሲገባ

ፎርድ ለ1956 ሞዴሎቹ የወገብ ቀበቶን በአማራጭነት አቀረበ። ያ ቀበቶ ዛሬ በአውሮፕላን መቀመጫ ላይ የምናውቀው ዓይነት ነበር፤ ግራና ቀኝ ተተክሎ ወገብ ላይ የሚቆለፍ አንድ ጠፍር። ትከሻን የሚይዝ ምንም አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሰው በመስኮት ተወርውሮ መውጣቱን፣ አንገቱ ተሰብሮ አስፋልት ላይ መቅረቱን በእጅጉ ቀነሰ።

ብዙ ሳይቆይ ግን ከሆስፒታሎች ሌላ ወሬ ይሰማ ጀመር። በዚያው በ1956 ሁለት ሐኪሞች በደኅንነት ቀበቶ ምክንያት የደረሰ የሆድ ውስጥ ጉዳት በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ተመሳሳይ ዘገባዎች ተከተሉ። በ1962 ጆን ጋሬትና ፖል ብራውንስታይን እነዚህን ነገሮች በአንድ ላይ አይተው የደኅንነት ቀበቶ ሲንድሮም የሚል ስም ሰጧቸው። ሆድ ላይ የቀበቶ ሰንበር፣ ከሥሩ የተበሳ አንጀት፣ ከዚያም በስተኋላ የተጎዳ አከርካሪ አንድ ላይ ሲገኙ የአንድ ምት ውጤቶች ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚሠሩት ደሄቨን በመሠረተው በኮርኔሉ ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። ከዘለበት ጉዳት የተወለደው ተቋም፣ አርባ አምስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ጉዳት በመላው አገር አውራ ጎዳናዎች ላይ አገኘው።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ቀበቶ አደገኛ ነው ብለው ደመደሙ። ድምዳሜው የተገነባው ግን የሞቱትን ሳይቆጥር ነበር። አንጀቱ ተበስቶ ሆስፒታል የደረሰው ሰው፣ ቀበቶ ባይኖር ኖሮ በአብዛኛው ሆስፒታል የሚደርስ ሰው አልነበረም። አዲሱ ጉዳት ሊታይ የቻለው አሮጌው ሞት ስለቀነሰ ነው።

የአጥንቱ ፍንጭ

ቀጣዩ ፍንጭ የመጣው ከአጥንት ነው። ጆርጅ ቻንስ የተባለ እንግሊዛዊ የራጅ ሐኪም በ1948 አንድ ለየት ያለ የአከርካሪ ስብራት ገልጾ ነበር። የተለመደው የአከርካሪ ስብራት አጥንቱ ከላይና ከታች ተጨፍልቆ የሚደርስ ነው። ቻንስ ያየው ግን ከኋላ ወደ ፊት አግድም የተሰነጠቀ፣ ለሁለት የተላቀቀ አጥንት ነበር። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ስለ መኪና ቀበቶም አያወራም።

በ1960ዎቹ የወገብ ቀበቶ የታሰሩ ሰዎች ራጅ ሲነሡ ያ የቻንስ ስብራት ይታይ ጀመር። በ1965ና በ1969 የወጡ ጥናቶች አሠራሩን አብራሩ። መኪናው ድንገት ሲቆም ወገቡ ታስሮ ይቀራል፤ ከላይ ያለው አካል ግን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሰውየውም ቀበቶው ላይ ይታጠፋል። ቀበቶው ዳሌው አጥንት ላይ ቢሆን ጉልበቱን አጥንቱ ይችለዋል። ወደ ላይ ተንሸራቶ ሆዱ ላይ ካረፈ ግን መታጠፊያው ከአከርካሪው ፊት ለፊት ይሆናል፤ ከኋላ ያለው አጥንትና ጅማት ተወጥሮ ይላቀቃል።

አሁን ስዕሉን ማሟላት ይቻላል። ከፊት ቀበቶው አለ፤ ከኋላ የተሰነጠቀው አጥንት አለ። በሁለቱ መካከል ያለው አንጀት ተበስቷል። ከአንጀቱ ጀርባ፣ ከአጥንቱ ፊት የተኛው ቧንቧስ?

ገበሩ የተቀደደ ቧንቧ

መልሱ በ1969 በ‹ራዲዮሎጂ› መጽሔት ላይ ካምቤልና ኦስቲን የተባሉ ሐኪሞች ባወጡት ዘገባ መጣ። ከደኅንነት ቀበቶ የመጣ የሆድ አኦርታ ጉዳት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ዳጂና ባልደረቦቹ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ተልጦ ደም ሲረጋበት የሚደርሰውን ጉዳት የደኅንነት ቀበቶ አኦርታ ብለው ሰየሙት።

ይህ ጉዳት ፓርምሊ ከቆጠራቸው ሞቶች የሚለይበት ነገር አለው። እዚያ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተቀድዶ ደሙ ይፈስሳል። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ውስጡ ብቻ ነው። የአኦርታ ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው። መካከለኛውና ውጫዊው መለጠጥና መጨመቅን በተሻለ ይችላሉ፤ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ገበሩ የተቀደደ ኮት ለብሶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ኮቱ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ እጅን ሲያስገቡ ግን በእጅጌው ፋንታ በገበሩና በጨርቁ መካከል ይገባና ይያዛል። ደምም እንዲሁ በተቀደደው ሽፋን ሥር እየገባ ይገነጥለዋል፤ የተገነጠለው ቁራጭ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ መንገዱን ይዘጋል፤ በላዩም ደም ይረጋበታል።

ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚገኘው ከኩላሊት ቅርንጫፎች በታች፣ ቧንቧው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው፤ ወደ ላይ የተንሸራተተ ቀበቶ የሚያርፈውም እዚያው ግድም ነው። መንገዱ ሲዘጋ ደም የሚቀርባቸው እግሮቹ ናቸው። ይቀዘቅዛሉ፣ ይገረጣሉ፣ ይደነዝዛሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ አልንቀሳቀስ ይላሉ።

ሐኪሞችን ሲያሳስት የኖረውም ይኸው ነው። ከመኪና አደጋ የመጣ በሽተኛ እግሩን ማንቀሳቀስ አቅቶታል፤ ራጁ ላይ የተሰነጠቀ አከርካሪ ይታያል። ከዚህ የበለጠ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል? ነርቩ ተጎድቷል ይባላል። ማብራሪያው አሳማኝ ስለሆነ ፍለጋው እዚያ ሊያቆም ይችላል። ጡንቻ ደም ሳያገኝ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉዳቱ የማይመለስ እየሆነ ይሄዳል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አልነበረም። ነርቭ ብቻ የተጎዳበት እግር የደም ትርታው አይጠፋም፤ ደም የተቋረጠበት እግር ግን ትርታ የለውም። ብሽሽትና የእግር ጀርባ ላይ ጣት ማሳረፍ የሐኪሙን ሐሳብ ሊያስቀይር ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ምንም ምልክት የማያሳየው ነው። ሽፋኑ ትንሽ ብቻ ከተሰነጠቀ እግሮቹ ለጊዜው ደም ያገኛሉ። ሰውየው አንጀቱ ተሰፍቶለት፣ አጥንቱ ድኖለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሲራመድ ባቱን እያመመው ቆም ማለት ይጀምራል፤ ወይም ሆዱ ውስጥ የሚመታ እብጠት ይገኝበታል። የአደጋው ነገር ተረስቶ ሳለ ጉዳቱ ገና መታየት ይጀምራል።

ዘለበቱን ከሆድ ማንሳት

መፍትሔው ቀበቶን መተው አልነበረም፤ የሚያርፍበትን ቦታ መቀየር ነበር። ደሄቨን ራሱ ከሮጀር ግሪስዎልድ ጋር ሆኖ የትከሻና የወገብ ማሰሪያን ያጣመረ ቀበቶ ሠርቶ በ1955 የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ሥራውን ከዳር ያደረሰው ግን ስዊድናዊው ኒልስ ቦህሊን ነው።

ቦህሊን በሳብ ኩባንያ ለጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ተወርውሮ የሚወጣ መቀመጫ ሲነድፍ የቆየ መሐንዲስ ነበር። በ1958 ቮልቮ ወሰደው። የአውሮፕላን አብራሪ ለመታሰር ጊዜ አለው፤ ሥልጠናም አለው። መኪና የሚነዳ ሰው ግን በአንድ እጁ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ካልታሰረ ነገሩን ይተወዋል። ቦህሊን አንድ ጠፍር ደረትን አቋርጦ ወርዶ ወገብን እንዲይዝ አደረገ፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን መቆለፊያም ከሆድ አንስቶ ከዳሌው ጎን፣ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ አደረገው። ደረቱ ስለተያዘ ሰውየው አይታጠፍም፤ የታችኛው ጠፍርም ወደ ታች ስለሚሳብ ዳሌ አጥንት ላይ ይቆያል።

በነሐሴ 1959 ይህ ቀበቶ ያለው የመጀመሪያው መኪና ስዊድን ውስጥ ለገዢው ተሰጠ። ቮልቮ ንድፉን ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። በ1967 ቦህሊን 28,000 የሚያህሉ አደጋዎችን የመረመረ ዘገባ ይዞ ቀረበ። ቀበቶ ያላሰሩት በዝቅተኛ ፍጥነትም ሞተው ነበር፤ በሦስት ነጥብ ቀበቶ ከታሰሩት መካከል ግን በሰዓት 60 ማይል ወይም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆን ፍጥነት በታች የሞተ አልነበረም።

የፊት መቀመጫው በዚህ ተሻሻለ፤ የኋላው ዘገየ። አሜሪካ ውስጥ ከኋላ ግራና ቀኝ ላሉት መቀመጫዎች የትከሻ ቀበቶ ግዴታ የሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ለመካከለኛው መቀመጫ ደግሞ በ2002 የወጣ ሕግ አስፈልጓል። በኋላ መቀመጫ የሚቀመጡት ደግሞ በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

ልጆችን ለዚህ ጉዳት የሚያጋልጣቸው ቁመታቸው ብቻ አይደለም። በአዋቂ ሰው ዳሌ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ያሉት የአጥንት ጫፎች ቀበቶውን ወደ ላይ እንዳይንሸራተት ይይዙታል። በትንሽ ልጅ ላይ እነዚህ ጫፎች ገና አልጎሉም። በዚያ ላይ መቀመጫው ለእግሩ ይረዝማል፤ ጉልበቱን ለማጠፍ ወደ ፊት ሸርተት ይላል፤ ቀበቶውም ሆዱ ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ልጁን ከፍ የሚያደርገው ተጨማሪ መቀመጫ የተፈለሰፈው፤ ዓላማው ልጁ በመስኮት ውጭ እንዲያይ አይደለም፤ ጠፍሩ ጭኑና ዳሌው ላይ እንዲያርፍ ነው።

ዓይን ያገኘው ሕክምና

የተሸሸገ ጉዳትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ በሽተኛ ሆድ ውስጥ ማየት ሌላ። ሊዝበን ውስጥ ሬይናልዶ ዶስ ሳንቶስ በ1929 ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ በመርፌ ወደ አኦርታ አስገብቶ ቧንቧውን በሥዕል አሳይቶ ነበር። ይህ ዘዴ ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ግን የሚደረገው ለተጠረጠረ ሰው ነው፤ ጥርጣሬ ከሌለ ሥዕልም የለም። ነገሩን የለወጠው ሲቲ ስካን ነው። ለአንጀትና ለአጥንት ተብሎ የተነሣው ሥዕል ላይ፣ ማንም ያልጠየቀለት አኦርታም አብሮ ይታያል። ቀድሞ ለዓመታት ተደብቀው ይቆዩ የነበሩ ትናንሽ ስንጥቆች በመጀመሪያው ቀን ይገኙ ጀመር።

በ2014 ሼሪን ሻሉብና ባልደረቦቿ ከ12 ትልልቅ የአሜሪካ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት የሰበሰቡትን አሳተሙ። ቆዳ ሳይበሳ ከተጎዱ 392,315 ሰዎች መካከል የሆድ አኦርታቸው የተጎዳው 113 ነበሩ፤ 0.03 ከመቶ መሆኑ ነው። ከእነዚህም 39 ከመቶው ሞተዋል። ይህን ከፓርምሊ መዝገብ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያያል። ጉዳቱ ዛሬም ገዳይ ነው፤ ነገር ግን አሁን ሆስፒታል ደርሰው የሚታከሙ፣ ክትትልም የሚደረግላቸው ሰዎች አሉ።

ሐኪሞቹ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ምን ያህል ጥልቅ ነው፣ የትስ ነው? ሽፋኑ ብቻ ትንሽ ከተሰነጠቀና ደም በደንብ ካለፈ፣ ቢላዋ ሳይነሣ በመድኃኒትና በተደጋጋሚ ሥዕል ይከታተሉታል፤ ብዙው ራሱ ይድናል። የውጭው ግድግዳ ከተለጠጠ ወይም መንገዱ ከተዘጋ መጠገን አለበት። ፈንድቶ የሚደማ ከሆነ ደቂቃ የሚባክንበት አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ለአንጀትና ለኩላሊት ደም የሚሰጡ ቅርንጫፎች ባሉበት ክፍል ላይ የሚደርሰው መፈንዳት ነው፤ እሱን እየጠገኑ የእነዚህን ደም ማቋረጥ አይቻልምና።

ጥገናው ራሱ ሌላ እንቆቅልሽ አለው። ቀዶ ሐኪሞች የተለጠጠ የሆድ አኦርታን በሌላ ቧንቧ መተካት የቻሉት በ1951 ፓሪስ ላይ ቻርልስ ዱቦስት ከለጋሽ በተወሰደ ቧንቧ ከሠራው በኋላ ነው፤ ቀጥሎም ከጨርቅ የተሠራ ቧንቧ መጣ። በቀበቶ የተጎዳ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንጀቱም ተበስቷል። የአንጀት ቆሻሻ በፈሰሰበት ሆድ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ መስፋት ኢንፌክሽንን መጋበዝ ነው። መውጫው የተገኘው ከቧንቧው ውስጥ ነው። በ1987 ኒኮላይ ቮሎዶስ ካርኪቭ ውስጥ፣ በ1990 ደግሞ ሁዋን ፓሮዲ ቦነስ አይረስ ውስጥ ሆድ ሳይከፍቱ በብሽሽት በኩል ስቴንት የሚባል የታጠፈ ቱቦ አስገብተው አኦርታ ውስጥ ዘረጉ። ዘዴው ለአደጋ ተጎጂዎችም ዋለ። ስቴንቱ የተገነጠለውን ሽፋን ወደ ግድግዳው መልሶ ይይዘዋል፤ የሆዱ ብክለትም በቀላሉ አይደርስበትም።

ለተሳፋሪው የሚቀረው

እኛ አገር በብዛት የሚሽከረከሩት የቆዩ የቤት መኪኖች ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ የኋላው መካከለኛ መቀመጫ ያለው የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው። የዚህ ታሪክ ትምህርት ያን ቀበቶ አትጠቀሙ የሚል አይደለም፤ ሌላ ከሌለ ያለው ይሻላል። ትምህርቱ ጠፍሩ ከእምብርት በታች ዝቅ ብሎ ዳሌ አጥንት ላይ፣ ሳይላላ መታሰር አለበት የሚል ነው። እርጉዝ ሴትም ጠፍሩን ከሆዷ ሥር ታሳልፈዋለች። የትከሻው ጠፍር ይከረክራል ብሎ ከብብት ሥር ማሳለፍ ቀበቶውን ወደ 1956 መመለስ ነው። ሕፃን አቅፎ በአንድ ቀበቶ አብሮ መታሰር ደግሞ ሕፃኑን በጠፍሩና በአዋቂው አካል መካከል ያስጨፈልቀዋል።

ከግጭት በኋላ ደግሞ ሆድ ላይ የቀረ የቀበቶ ሰንበር እንደ ቀላል ጭረት መታየት የለበትም። ሰንበሩ ጠፍሩ ዳሌ ላይ ሳይሆን ሆድ ላይ እንዳረፈ የሚናገር ማስረጃ ነው፤ ከሥሩ አንጀት፣ ከአንጀቱ ጀርባ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ጀርባ አከርካሪ እንዳለ የሚያውቅ ሐኪም ሦስቱንም ይመረምራል። ሰንበር ያለበት ሰው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ከመግባት ይልቅ ሆስፒታል ሄዶ ያሳይ፤ በቀጣዮቹ ቀናትና ወራት እግሩ ቢቀዘቅዝ፣ ቢደነዝዝ ወይም ሲራመድ ቢያመው ስለ አደጋው ለሐኪሙ ይንገር። እንዲህ ያለውን ጉዳት በሕያው ሰው ላይ ፈልጎ ማግኘት የተቻለው ከግጭት የሚተርፉ ስለበዙ ነው፤ የተረፈ ሰው ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።